«ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት» ሲባል፦ በመሃል አዲስ አበባ ለመጨረሻው ጊዜ ክብካቤ የት እንምረጥ?

«ከዚህ በኋላ እኛ ጋ የሚደረግላት ነገር የለም፤ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት።» ይህን ቃል መሃል አዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ኮሪደር ላይ ቆሜ የሰማሁት፣ የእናቴ የጡት ካንሰር ወደ አከርካሪዋ መሠራጨቱ በታወቀ በሦስተኛው ቀን ነበር። በእጃችን የነበረው የመውጫ ወረቀትና የአሥር ፍሬ ፓራሲታሞል ማዘዣ ብቻ ነው። ወዴት እንሂድ፣ ማንን እንጠይቅ፣ ሌሊት ብትጮኽ ምን እናድርግ የሚለውን የነገረን ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ዛሬ በዚያ ኮሪደር ላይ ለቆመ ቤተሰብ ነው።

በመጀመሪያ ያ ዓረፍተ ነገር በግማሹ ስሕተት መሆኑ ይታወቅ። አልቆ ሊሆን የሚችለው ማዳን እንጂ ማስታመም አይደለም። ቋንቋችን ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ማዳን ያልተቻለውን ሰው ማስታመም ግን ከድሮም የነበረ ግዴታ ነው። ዛሬ ሐኪሞች የማስታገሻ ክብካቤ ወይም ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት ሙያ ይህንኑ ማስታመም በመድኃኒትና በዕውቀት የሚያግዝ ሲሆን፣ ሆስፒስ ደግሞ ዕድሜያቸው ወደ ማለቁ ለተቃረበ ሕመምተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጠው ክፍሉ ነው። በዘመናዊ መልኩ የጀመሩት እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ ናቸው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ፣ የሚሞት ሰው ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የሐሳብ፣ የቤተሰብና የመንፈስም ስለሆነ አንዱን ትቶ ሌላውን ማከም እንደማይቻል ያስተምሩ ነበር።

«ማስታገሻ ማለት ተስፋ መቁረጥ ነው» ለሚሉ ዘመዶች አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመው በዚህ ጥናት የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሕመምተኞች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ከመጀመሪያው አንሥቶ የማስታገሻ ክብካቤ ተሰጣቸው። እነዚህኞቹ የድብርት ምልክታቸው ከመቀነሱም በላይ፣ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። እንዲህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በዓለም ላይ ይህ ክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ንጽጽሩን በአንድ ጥያቄ እንድትመዝኑት እመክራለሁ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመሙ ሲነሣ ማን፣ ምን ይዞ፣ ከአልጋው አጠገብ ይገኛል? የቤቱ ስፋት፣ የሆስፒታሉ ስም፣ የክፍያው መጠን ከዚህ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ጎጆ፣ መልስ ከሌለው ባለ ብዙ ፎቅ ሆስፒታል ይበልጣል።

ሁሉም አማራጭ የሚቆምበት ነገር፦ ሞርፊን

የትኛውንም ቦታ ብትመርጡ፣ ብርቱ የካንሰር ሕመም ያለበት ሰው የሚዋጥ ሞርፊን ካላገኘ ምርጫው ትርጉም ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሦስት ደረጃ መሰላል እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞልና መሰሎቹ፣ ከዚያ ከፍ ሲል ኮዴይን ወይም ትራማዶል፣ ብርቱ ሲሆን ሞርፊን ነው። እናቴ ከመጀመሪያው እርከን ላይ ሁለት ሳምንት የቆየችው ሕመሟ ቀላል ስለነበረ ሳይሆን ሁለተኛውና ሦስተኛው መኖራቸውን ስላላወቅን ነው። ይህ ጸጸት እስካሁን አለቀቀኝም።

ፈሳሹ ሞርፊን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ስለሆነ በየአራት ሰዓቱ በሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ሕመምተኛው ሌሊት እንዳይቀሰቀስ ሐኪሙ የመኝታውን መጠን ከፍ አድርጎ ሊያዝ ይችላል፤ በመሃል ለሚነሣ ድንገተኛ ሕመምም የተጨማሪ መጠን ትእዛዝ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ጠይቁ። የሆድ ድርቀት ሞርፊን በተወሰደ ቁጥር የሚከተል ስለሆነ ማለስለሻው አብሮ ከመጀመሪያው ቀን መታዘዝ አለበት። ማቅለሽለሹና ድብታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቅቃል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከሆነ መጠኑ ስለሚለወጥ ለሐኪሙ ማስታወስ ያስፈልጋል።

«ሱስ ይሆንባታል» እና «ሞርፊን የሞት መድኃኒት ነው» የሚሉት ሁለት ስጋቶች በየቤቱ ይነሣሉ። ለሕመም ሲባል በሐኪም ክትትል በትክክል የሚወሰድ ሞርፊን ሰውን ሱሰኛ የማድረግ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ከሕመሙ ጋር እየተመጠነ ሲጨመርም ዕድሜ አያሳጥርም። ሕመሙ ሲቀንስላቸው ተቀምጠው ቡና መጠጣትና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጫወት የጀመሩ ሰዎችን አይቻለሁ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በልዩ የናርኮቲክ ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ ስለሆነና በየፋርማሲው ስለማይገኝ፣ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት «የት ነው የምናገኘው? ሲያልቅ ማን ያድስልናል?» ብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የማዘዣው መታደሻ ከበዓል ወይም ከእሑድ ጋር እንዳይገጥም ቀኑን አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

ሌላም የቋንቋ ጉዳይ አለ። በአማርኛ «ሕመም» ስንል በሽታውንም ሥቃዩንም ማለታችን ስለሆነ፣ ነርሷ «ሕመሙ እንዴት ነው፣ እማማ?» ብላ ስትጠይቅ አንዲት አሮጊት የምትመልሰው «ተመስገን» ነው። እናቴም ሁልጊዜ «ተመስገን» ትል ነበር፤ ግራ እጇ ግን የጋቢዋን ጥለት አጥብቆ ጨምድዶ ይይዝ ነበር። አንዲት ነርስ ናት ይህን አይታ «ተመስገኑ ይቅርና፣ ከአሥር ስንት ነው? አሥር ማለት ምጥ ነው» ያለቻት። እናቴ ጥቂት አስባ «ስምንት» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፏን ሳይሆን እጇን ማየት ለመድን።

ቤት፣ በቤተሰብ ብቻ

አብዛኛው ሕመምተኛ የሚመርጠው ቤቱን ነው። የራሱ አልጋ፣ የሚያውቀው ድምፅ፣ የጎረቤት ቡና፣ ደጁ ላይ የሚደርሰው የንስሐ አባቱ ወይም የመስጊዱ ሼህ በሌላ ቦታ አይተኩም። ወጪውም ከሁሉም ያነሰ ይመስላል፤ ሆኖም አስታማሚዋ ሥራዋን ትታ የምትቀር ከሆነ ያ ደመወዝ በሒሳቡ መግባት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የምትቀረው ሴት ልጅ መሆኗንም ወንድሞች ልብ ሊሉት ይገባል።

በመሃል ከተማ ቤቱ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሕመምተኛ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ በወንበር ተሸክመው የሚያወርዱት አራት ሰዎች ያስፈልጉታል። እናቴን በፕላስቲክ ወንበር ያወረድናት ቀን በየእርከኑ ዕረፍት ስናደርግ ሕመሟ እንዲያ ሲበረታ አይቼ፣ መሬት ላይ ካለችው ከእኅቴ አንድ ክፍል ቤት ጋር መለዋወጡን መረጥን። በቀበሌ ቤት ደግሞ ደረጃ የለም፤ ነገር ግን መጸዳጃው የጋራና ከግቢው ጥግ ሊሆን ስለሚችል ፖፖና የሚታጠብ የፕላስቲክ አንሶላ ከመጀመሪያው ቀን ይዘጋጅ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ወደ ዳርቻ የተዛወሩ ቤተሰቦች ሌላ ችግር አለባቸው፤ ቤቱ አዲስና ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለአንድ ሰዓት «እኔ እጠብቃታለሁ፣ አንቺ ተኚ» የምትል የሠላሳ ዓመት ጎረቤት አብራ አልተዛወረችም። በዚህ ሁኔታ ያለ ቤተሰብ ብቻውን አስታምማለሁ ከማለቱ በፊት የተራ ፈረቃ በወረቀት ላይ ይጻፍ።

መነሣት የማይችለውን ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ዳሌውን፣ ተረከዙንና ጀርባውን በየቀኑ መመልከት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የተከፈተ የአልጋ ቁስል ከካንሰሩ የባሰ ሊያሠቃይ ይችላል። አፉ ሲደርቅ በንጹሕ ፋሻ ወይም ጥጥ ውኃ እያስነኩ ማርጠብ፣ ከንፈሩን ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። ይህን ማንም ሰው በአንድ ቀን ይማራል፤ ሆኖም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላለው ጥያቄ ቤተሰብ ብቻውን መልስ የለውም። ለዚህ ነው ይህን አማራጭ ብቻውን የማልመክረው።

ቤት፣ ከሚጎበኝ ባለሙያ ጋር

ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ነርሶችን ወደ ሕመምተኞች ቤት እየላከ ይህን ክብካቤ ያለ ክፍያ ሲሰጥ የቆየ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የሚጎበኝ ነርስ ሥቃዩን ለክቶ መድኃኒቱ እንዲስተካከል ያደርጋል፣ ቁስል ያጥባል፣ አስታማሚዋን ያስተምራል፤ ከዚህም በላይ ቤተሰቡ ሊጠይቀው የፈራውን ጥያቄ ደፍሮ ይመልሳል። እኛ ቤት የመጣችው ነርስ ከእናቴ ይልቅ ከእኅቴ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ ተቀምጣ ነበር፤ በመጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ግን እኅቴ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሌሊት ስትተኛ አየሁ።

ጉድለቱም ይታወቅ። ጥቂት ነርሶች ለሰፊ ከተማ ስለሚደርሱ ጉብኝቱ በየቀኑ ላይሆን ይችላል፤ በመካከል ያሉት ሌሊቶች የእናንተው ናቸው። ስለዚህ ሲመጡ የሚደወልበትን ስልክ፣ ሌሊት ሕመም፣ የመተንፈስ ችግር ወይም መቃዠት ቢመጣ የሚሰጠውን መድኃኒትና መጠኑን በአማርኛ አስጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። በግል የሚቀጠሩ የቤት ለቤት ነርሶችም አሉ፤ አገልግሎታቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሞርፊን የሚያዝ ሐኪም ከጀርባቸው መኖሩን ሳታረጋግጡ ውል አትግቡ። በየአካባቢያችሁ ያለው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የጤና ጣቢያው የሚያውቋችሁ ቢሆኑ ደግሞ ሪፈር ለማስጻፍ ይቀላል።

የመንግሥት ሆስፒታል

አንዳንድ ጊዜ ቤት መቆየት ስሕተት ነው። የካንሰር ሕመምተኛ እግሮቹ በድንገት ከዛሉ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ይህ የአከርካሪ ነርቭ መጨፍለቅ ሊሆን ስለሚችል የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ተመልሶ ላይራመድ ይችላል። የማይቆም መድማት፣ የማያቋርጥ ትውከት ከሆድ መነፋት ጋር፣ በሚዋጥ መድኃኒት ያልበረደ ሥቃይም እንዲሁ ወደ ሆስፒታል ያስኬዳሉ። አጥንት ውስጥ ለገባ ካንሰር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር እንኳ ሕመሙን ለወራት ሊያበርድ ስለሚችል፣ «ከእንግዲህ ሕክምና የለም» ቢባልም ስለ ማስታገሻ ጨረር ጠይቁ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ወረፋው ረጅም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ስም ማስመዝገቡ ከምርጫው በፊት ይቅደም።

እስከ መጨረሻው በዋርድ ለመቆየት ግን አስቡበት። ጠያቂ በሰዓት ይገባል፣ አስታማሚው ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ያድራል፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሰው ስላለ ለቀንዲልም ሆነ ለቤተሰብ ዕንባ ስፍራ የለም። በሌላ በኩል ባለሙያ በአቅራቢያ መኖሩ ልብ ያሳርፋል። ለጥቂት ቀን ገብቶ ሥቃዩን አስተካክሎ መውጣት ብዙ ጊዜ የሁለቱንም ጥቅም ይሰጣል።

የግል ሆስፒታልና የጽኑ ሕሙማን ክፍል

የግል ክፍል ጸጥታና የጠያቂ ነጻነት ይሰጣል፤ በማስያዣ ይገባል፣ በየቀኑ ሒሳብ ይቆጠራል። እኔን የሚያሳስበኝ ክፍሉ ሳይሆን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆች በስልክ «የሚቻለው ሁሉ ይደረግላት» ይላሉ፤ ይህ ከፍቅር የሚወጣ ቃል ነው። ነገር ግን በመላ አካሉ የተሠራጨ ካንሰር ያለበት ሰው ልቡ ሲቆም ደረቱን በመጫን የሚመለስበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው የጎድን አጥንት ስብራትና ከልጆቹ ተለይቶ በቱቦ መካከል የሚያልፍ ሌሊት ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሐኪሙን «ይህ ማሽን የሚያልፍ ችግር ሊያሻግራት ነው ወይስ ሞቷን ሊያራዝም?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ ግቡ። ለትንፋሽ ማጠር የኦክስጅን ሲሊንደር ወደ ቤት የሚከራዩ ሰዎችም አሉ፤ በደሟ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በቂ ከሆነ ግን የተከፈተ መስኮት፣ ከፍ ያለ ትራስና ሐኪሙ ያዘዘው አነስተኛ ሞርፊን የበለጠ ይረዷታል።

አስታማሚ ለሌለው

ዘመድም ቤትም የሌለው ሕመምተኛ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ቤት ይቀበሉታል፤ በጠና ታመው የተጣሉ ድሆችን የሚያስታምም ቤት ነው። ዘመድ ያለውን ሰው እዚያ ማስቀመጥ የሌላውን አልጋ መውሰድ መሆኑን ግን አስቡ።

ወደ ትውልድ ቀዬ መመለስን በተመለከተ፣ ሕመምተኛው ራሱ «አፈሬን» ብሎ ከጠየቀ ክቡር ጥያቄ ነው። መንገዱን ገና ሲችል መጓዝ፣ የወር ሞርፊንና የሐኪም ደብዳቤ ይዞ መሄድ፣ በዚያ ባለው ሆስፒታል የሚያድስ ሰው መኖሩን በስልክ አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጸበል፣ እውነትና እህል

«ጸበል ወይስ መድኃኒት?» የሚለውን ንጽጽር ባታነሡት እመርጣለሁ። ሁለቱ አይጋጩም፤ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉን ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ሞርፊን በድንገት ሲቋረጥ ሥቃዩ ብርቱ ሆኖ ይመለሳል፣ ሰውነትም ይታወካል፤ እንጦጦ የምትወስዷት ከሆነ ጠርሙሱ በቦርሳ ይግባ።

ከሁሉም የከበደን እውነቱን መናገር ነበር። «እንዳትነግሯት፣ ትሞትብናለች» ያላለ ዘመድ አልነበረም። ለአንድ ወር ያህል ሁላችንም የነርቭ ሕመም ነው እያልን ስናባብላት፣ እርሷ ደግሞ እኛን ላለማስጨነቅ ያመነች መስላ ቆየች። መርዶ በዘዴ የሚነገርበት ባህል ስላለን፣ ይህንንም በዘዴ መናገር እንችላለን፤ በአንድ ጊዜ መጫን ሳይሆን «ስለ በሽታሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሷን መከተል ነው። አልፈልግም የሚል ሕመምተኛም አለ፤ ይከበርለታል። የጠየቀን ግን መዋሸት ኑዛዜውን፣ ንስሐውንና ዕርቁን መንጠቅ ነው። እናቴ ባወቀች ማግሥት ያስጠራችው ለዓመታት ያልተነጋገረችውን ወንድሟን ነበር።

እህልም እንዲሁ ነው። ጠያቂ ሁሉ አጥሚትና የአጃ ሾርባ ይዞ መጥቶ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ይላታል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰውነት ምግብ መፈለጉን ያቆማል፤ የምትሞተው ስላልበላች አይደለም፣ የማትበላው ወደ ሞት ስለተቃረበች ነው። በግድ የገባ ጉርሻ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። በፍላጎቷ የተቀመሰ አንድ ማንኪያ ይበቃል፤ ጠያቂውን ለመመለስ ደግሞ ከቤተሰቡ መካከል አንድ ደፋር ሰው ይመደብ። በመጨረሻ ቀናት እጅና እግር ይቀዘቅዛሉ፣ ትንፋሽ እየተቋረጠ ይቀጥላል፣ ጉሮሮ ያንኮራፋል፤ በጎን ማስተኛት ይረዳል፤ ትሰማ ይሆናልና ከአጠገቧ ስለ ቀብሯ አትነጋገሩ።

ወረቀቶች

ግልጽ ኑዛዜ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፤ ስለዚህ አእምሮዋ ንቁ ሳለ ይደረግ። ሞት ቤት ውስጥ ከሆነ አምቡላንስ አያስፈልግም፤ የንስሐ አባት ወይም ሼህ፣ ከዚያም የእድሩ ሰብሳቢ ይጠሩ። የሆስፒታሉን የመውጫ ወረቀት አትጣሉት፣ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው ስታስመዘግቡ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። እድራችሁ ለቀብር ብቻ ይከፍል እንደሆነ ወይም ለታመመ አባል ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ መተዳደሪያ ደንቡን ዛሬውኑ ጠይቁ። የተረፈውን ሞርፊን ለሌላ ሕመምተኛ አትስጡ፣ ልጆች በሚደርሱበት መሳቢያም አታስቀምጡት፤ ከሰልስት በኋላ አንድ ሰው ጠርሙሱን ይዞ መድኃኒቱን ወደ ሰጠው ፋርማሲ ይመልሰው።